አንዴ ብቻ የሚጠይቁ ሰዎች

ለንደን በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ካሌዶኒያን ሮድ ላይ አንዲት ካፌ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ሥራው ሰሃን ማጠብና ጠረጴዛ መወልወል ነው። ባለቤቷ ጮክ ብላ የምትስቅ፣ ደልደል ያለች እንግሊዛዊት ነበረች። በመጀመሪያው ቀን የምሳው ግርግር ሲያልፍ ወደ ማጠቢያው መጥታ «እንቁላል በቶስት ልሥራልሽ?» አለችኝ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ሆዴ ከቧንቧው በላይ ይጮኻል። እናም ሥርዓት ይዞ እንዳደገ ሰው ሁሉ «ኖ፣ ታንክ ዩ» አልኩ።

«ኦኬ» ብላ ሄደች።

እጄን ሳሙናው ውስጥ እንደነከርኩ ጠበቅኳት። ትመለሳለች ብዬ ነው። «ኧረ ትንሽ ቅመሽ፣ እንዲህማ አይሆንም» የሚለው መቼም አይቀርም። እሷ ግን ለራሷ ሁለት እንቁላል ጠበሰች፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፣ ጋዜጣ ዘረጋች፣ አስኳሉን በዳቦ እየጠረገች በላች። ሲያበቃ ሰሃኗን አምጥታ እንዳጥበው ሰጠችኝ።

ማታ ለአክስቴ ነገርኳቸው። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው፣ እኔ ገና ፊደል ስቆጥር ለንደን ገብተዋል። እኔ ደርግ ከወደቀ በኋላ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ስመጣ ሳሎናቸው ውስጥ ያለውን ሶፋ ለቀቁልኝ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰሙና «ጨካኝ ናት» ብለው ፈረዱ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ፊታቸው ተለወጠ። «ወይ ምስኪን፣ እንቁላሉ ያለቀባት ሆና ይሆናል።»

«እንቁላሉማ ሞልቷል፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ጨካኝ ናት።»

ለእኔ ጨካኝ አልመሰለችኝም። ያን ዕለት ጠዋት እጄ እንዳይላጥ የራሷን የላስቲክ ጓንት አውልቃ የሰጠችኝ እሷ ናት። ጓንቱን ስትሰጠኝ ትፈልጊያለሽ ወይ አላለችኝም፤ እጄ ላይ አኖረችውና ሄደች። ታዲያ እንዲህ የምትሰጥ ሴት ሁለተኛ መጠየቅ ምን ያቅታታል? ነገሩ ከረሃቡ በላይ ያዘኝ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዘኝ አርፌ አልቀመጥም።

ሰዎቹን መመልከት ጀመርኩ። በየሳምንቱ አብረው የሚመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። አንዱ ሰሃኑን ገፋ አድርጎ «ቺፕስ?» ይላል፣ ሌላው «ኖ» ይላል፣ አለቀ። ጠረጴዛውን የምወለውል መስዬ የሁለቱንም ፊት አጠናለሁ። የተከፋ የለም። አቅራቢው አልተዋረደም፣ እምቢ ያለውም አልተራበም። እኛ ሰፈር ቢሆን አንዴ ጠይቆ የተወ ሰው ወሬው ሦስት ሠርግና አራት ለቅሶ ይዞር ነበር።

በመጨረሻ በራሴ ሞከርኩት። ባለቤቷ «እንቁላል?» ስትለኝ ገና አፏን ሳትገጥም «ዬስ፣ ፕሊስ» አልኩ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ሰው ፊት ልብሴን ያወለቅሁ ነበር የመሰለኝ። እሷ ግን ቀና ብላም አላየችኝ፤ እንቁላሉን መጥበሻው ጠርዝ ላይ ሰበረችው።

እንግሊዞች ያሰቡትን ይናገራሉ ማለቴ ግን አይደለም። ይኼን የሚል ሰው አብሯቸው ሠርቶ አያውቅም። አንዲት ደንበኛችን «አንድ ቀን ቤቴ መምጣት አለብሽ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ «መቼ?» አልኳት። እንዲህ ያለ ድንጋጤ በሰው ፊት ላይ ያየሁት ያኔ ነው። ካፌውን አልተወችም፣ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ሻይዋን የምታዘው ከባለቤቷ ብቻ ሆነ። ቀስ እያልኩ ገባኝ። እኛ እሺን እምቢ ውስጥ እንደብቃለን፤ እነሱ እምቢን እሺ ውስጥ ይደብቃሉ። የሚደበቅበት ኪስ ነው እንጂ የተለያየው፣ የማይደብቅ አላየሁም።

በዚህ ላይ ብዙ ያስተማረችኝ ጎረቤታችን ናት። አክስቴ የሚኖሩት ከካሌዶኒያን ሮድ ጀርባ፣ ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ በሚያከራየው ሕንፃ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ በወጣትነቷ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ የነበረች አሮጊት እንግሊዛዊት ትኖራለች። አሮጊት ብያት «አለች» እያልኩ የምጽፈው ንቄያት አይደለም። ለንግሥቲቱም ለድመቱም አንድ «ዩ» ባለው ቋንቋ ስላወቅኋት አንቱ የምልበት አጋጣሚ ሳይመጣ ቀረ። አክስቴም «ሴትዮዋ» ነው የሚሏት። እሷ አክስቴን «ዳርሊንግ» ትላቸዋለች። የቃሉን ትርጉም ስነግራቸው «በዚህ ዕድሜዬ?» ብለው ነበር።

አንድ የጾም ቀን አክስቴ የምስር ሳምቡሳ ጠብሰው ሰሃን ሙሉ ይዘን በሯን አንኳኳን። ሴትዮዋ ሰሃኑን አየችና ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ኦ፣ አይ ኩድንት» አለች።

«ምን ትላለች?»

«አልችልም ትላለች።»

«ምን ሆና ነው የማትችለው? ጥርሷ ነው?»

ይኼን ስንባባል የሴትዮዋ እጅ ሰሃኑ ላይ ደርሷል። አንዱን ሳምቡሳ እዚያው በሩ ላይ ቆማ ጨረሰችው። እኔም ልብ አልኩ፤ «ኖ፣ ታንክ ዩ» እምቢ ነው፣ «አይ ኩድንት» ግን አምጡልኝ ነው። ለካ እነሱም አላቸው።

ሴትዮዋ በተራዋ የብስኩት ቆርቆሮ ከፍታ አቀረበችልን። እኔ ወዲያው አንስቼ ጎረስኩ። አክስቴ እጃቸውን አወዛወዙ፤ ሴትዮዋም ክዳኑን ገጠመች። ቤታችን ስንገባ በሩ እስኪዘጋ እንኳ አልጠበቁኝም።

«ቤት ውስጥ አላበላሽም?»

«ስለፈለግሁ ነዋ የወሰድኩት።»

«መፈለግማ ማን የማይፈልግ አለ?» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን እያጣጠፉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ቅቤ አለበት ወይስ ደረቅ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጾም እኮ ነው፣ እትዬ።»

«እኔ በላሁ ወይ? ጠየቅኩ እንጂ።»

የአክስቴ ችግር ጉልበታቸው ነበር። ሊፍቱ ብዙ ቀን አይሠራም። እሳቸው «አሳንሰር» ነው የሚሉት፤ የወጡበት ዘመን አዲስ አበባ እንዲያ ይል ነበር፣ እሳቸውም ቃሉን ይዘው ቀርተዋል። አሳንሰሩ በቆመ ቀን ዳቦ ለመግዛት ወርደው ሲመለሱ ከንፈራቸው ይነጣል። ክረምቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተዉ። ከዚያ ገበያ ተዉ። የሚያውቁት ለንደን በመስኮት የሚታየው ብቻ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሐኪማቸው ደረጃ የሌለው ቤት እንዲሰጣቸው ለካውንስሉ ካመለከተላቸው ከብዙ ወራት በኋላ ነው እንግዲህ የቤት ጉዳይ ሠራተኛዋ የመጣችው።

ወጣት ናት፣ ምናልባት እኔን በጥቂት ዓመት ትበልጠኛለች። አክስቴ ሻይ አቀረቡላት፤ «አልፈልግም» አለች፤ ቀዱላት፤ ጠጣችው። ደረጃውን በእግሯ ስለወጣች ገና ታለከልካለች። ነገሩን አላራዘመችም።

«ፊንስበሪ ፓርክ አጠገብ ምድር ላይ ያለ ፍላት ተለቋል። ደረጃ የለውም። ሁለት መኝታ ነው፣ ከፊቱ ትንሽ አትክልት ቦታ አለው። ትፈልገዋለች?»

እኔ «ይፈልጋሉ ወይ ትላለች» ብዬ አስተረጎምኩ። አንዲት የእንግሊዝኛ «ሺ» በእኔ አፍ ስታልፍ አንቱ ትሆናለች፣ ስትመለስ ደግሞ አንቱታዋን እኔ ዘንድ ጥላ ትሄዳለች።

አክስቴ ቀና ብለው ተቀመጡ። «አይ ልጄ፣ ይቅርብኝ። ከእኔ የባሰባት ስንት አለች። ልጅ ያላት ትግባበት። እኔ አንዲት አሮጊት የትም ብሆን ምን አለኝ? ስላሰበችልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያት።»

ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን ይዛ እኔን ታያለች። እኔ ያንን እንቁላል አያለሁ። ይህቺ ልጅ አንዴ ብቻ ነው የምትጠይቀው። ኖ ብዬ ከነገርኳት ኦኬ ብላ ትወርዳለች፣ ቤቱም ነገ ለሌላ ሰው ይሰጣል። አክስቴ ደግሞ ቢያንስ ሁለቴ መለመን ያስፈልጋቸዋል። በመካከል ያለ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

«እሺ ትላለች። በጣም አመሰግናለሁ ትላለች» አልኳት።

«ለአንድ እሺ ረዘመ» አለች።

«አማርኛ ረጅም ነው።»

በሚቀጥለው ሳምንት ሄደን እንድናየው፣ የመጨረሻውንም መልስ እዚያው እንድንሰጣት ቀጥራን ወረደች። አክስቴ እንግሊዝኛ ባይናገሩም «ዬስ» የምትለዋን ቃል ለማወቅ ትምህርት አያስፈልጋቸውም።

«ምን አልሻት?»

«እሺ አልኳት።»

«ከአፌ እሺ ወጣ?»

«አልወጣም። ግን እምቢ ማለትዎም አልነበረም።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

ስኒውን ሰብስበው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። እኔ ሳሎን ቀረሁ።

ልጅ ሆኜ ይኼ ነገር ግራ ገብቶኝ አያውቅም። እንግዳ ሲበላ እጁን አያለሁ። መዳፉ ሰሃኑን ድፍን አድርጎ ከከደነ እምቢው እምቢ ነው፤ ጣቶቹ መሃል ክፍተት ካለ ጨምሪልኝ ነው። እናቴ ሳትናገር በዓይኗ ብቻ ታዘኛለች፣ እኔም ተሳስቼ አላውቅም። አሁን ግን የቀረበው ወጥ አይደለም፣ ቤት ነው። ቤትን በመዳፍ የሚከድን የለም። ደግሞም አንዴ ብቻ ከሚጠይቁ ሰዎች ጋር ስውል ከርሜያለሁ። ጆሮዬ ተበላሽቶ ቢሆንስ? የአክስቴን እምቢ እኔ እንደሚመቸኝ ተርጉሜው ቢሆንስ? በሌላ በኩል ደግሞ ያንን ቤት ካላገኙ የሚቀጥለውን ክረምት ከመስኮት አይርቁም።

ጎረቤታችንን ጠየቅኳት።

«እሷን ራሷን ጠይቂያታ፣ ዳርሊንግ» አለችኝ።

«ጠይቄያታለሁ።»

«ምን አለች?»

«እምቢ።»

«ታዲያ እምቢ ነዋ።»

«የመጀመሪያው እምቢ ነው እኮ።»

ሴትዮዋ ሻይዋን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ሳቀች። «ስንት አላችሁ?» አለች። ከዚያ ሳቋን ስትጨርስ፣ «ብትሄድ ሳምቡሳው ይቀርብኛል። ግን ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሣ በግድግዳው በኩል እሰማታለሁ። ደስ የሚል ድምፅ አይደለም» አለችኝ።

ቅዳሜ አክስቴ ሳይታሰብ ገበያ ካልወረድኩ አሉ። ሽንኩርት ራሴ ካልመረጥኩ አሉ። ስንወርድ ይሠራ የነበረው አሳንሰር ስንመለስ ቆሟል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሽንኩርቱ በመካከላችን ነው። አንድ ልጅ ኳስ ይዞ ዘሎን ወረደ።

«እትዬ፣ በሞቴ ይንገሩኝ። ቤቱን ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም?»

ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። «ጉልበቴ እሺ ብሏል» አሉ። «እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

«ለምን?»

«አጥር የለውም።»

«ገና አላየነውም እኮ።»

«የዚህ አገር ቤት አይቻለሁ። መስኮቱ መንገዱ ላይ ነው የሚከፈተው። አላፊ አግዳሚው ምን ወጥ እንደሠራሽ ያያል። አጥር በሌለው ቤት መተኛት መንገድ ዳር መተኛት ማለት ነው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አጎትሽን ሊወስዱት የመጡ ለት የውጭውን በር እስኪሰብሩ ነው በጓሮ የዘለለው። ያ የቆርቆሮ አጥር ባይኖር ዛሬ አጎት የለሽም።»

ይኼን ታሪክ አጎቴ በዘለለበት በኩል ሰምቼው አውቃለሁ፤ ቤተሰባችን ውስጥ እየተሳቀ ነው የሚወራው፣ ጫማው አንዱ እንዴት እንደቀረ። አጥሩን ግን አስቤው አላውቅም።

«እዚህ ማን ይመጣብዎታል?»

«ማንም አይመጣም። እኔ ይኼን አውቃለሁ፤ እንቅልፌ አያውቅም።»

እዚያ ላይ እምቢያቸው ምን እንደሆነ ገባኝ። ለወጉ ያሉትም ነበረበት፣ የምራቸውም ነበረበት፤ በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገሩት። እኔ ዬስ ስል ግማሹን ጥዬ ነበር። ኖ ብልም ሌላውን ግማሽ እጥል ነበር። እንዲህ ያለውን ቃል የሚያሻግር እንግሊዝኛ እስካሁንም አላገኘሁም፤ ያኔ ግን በጣም የቸኮልኩት ቤቱን ለማየት ነበር። አጥር አለው ወይስ የለውም? አንድ ሰው ለዚህ የሚጨነቅ መሆኑን እስካውቅ ድረስ የዚህን አገር አጥር አንድ ቀን እንኳ ዞሬ አይቼው አላውቅም።

በቀጠሮው ቀን በአውቶቡስ ፊንስበሪ ፓርክ ሄድን። ሠራተኛዋ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። ከቤቱ ፊት የጡብ ግንብ አለ፤ እውነተኛ ግንብ ነው፣ በሲሚንቶ የተያያዘ፣ ከብረት የተሠራች በርም አለችው። ቁመቱ ጉልበቴ ድረስ ነው።

አክስቴ ቆመው ቁልቁል አዩት። «ይኼ ምንድነው?»

«አጥር ነው።»

«ምኑን ሊያጥር? ፍየልም አይመልስ።»

ሠራተኛዋ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። «ግንቡን እያየች ነው» አልኳት። በዚያ መሃል ፖስተኛ መጣ። ረጅም፣ ቀይ ፂም ያለው ሰው ነው። የጎረቤቱን ፖስታ በበሩ ቀዳዳ ከተተ። ወደ እኛ ቤት ለመምጣት በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለችውን፣ እሷም ጉልበት ድረስ ብቻ የምትደርስ ግንብ መራመድ ብቻ ይበቃው ነበር፤ የእሱ እግር ደግሞ የግንቡን እጥፍ ይሆናል። እሱ ግን ዞሮ ወጣ፣ የጎረቤቱን የብረት በር ከኋላው ዘጋ፣ በመንገዱ መጣ፣ የእኛን የብረት በር ከፈተ፣ ገባ፣ ፖስታውን ከተተ፣ ወጣ፣ ዘጋ።

አክስቴ እስኪርቅ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት።

«ለምን አልተራመደውም?»

«አጥር ስለሆነ ነዋ።»

«ማን አየው ብሎ?»

«ማንም ባያየውም።»

እኔም ራሴ ገርሞኝ ነበር። የእኛ ግቢ ቆርቆሮው ከሰው ቁመት በላይ ነበር፣ ጎረቤት ግን ጨው ለመበደር ሳያንኳኳ ወጥ ቤት ድረስ ይዘልቃል። እዚህ ድመት የሚሻገረው ግንብ ትልቁን ሰውዬ ያዞረዋል። አጥሩ ያለው ጡቡ ላይ ይሁን ሰውዬው ውስጥ እንጃ።

ወደ ውስጥ ገባን። ቤቱ አዲስ ቀለም ይሸታል። አክስቴ ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ወደ መኝታ ቤቶቹ ሄዱ። ሽንት ቤቱን አዩ፣ ቧንቧ ከፍተው ዘጉ። ሲመለሱ እንደ ሌላው ጊዜ ግድግዳ አልያዙም። እኔ ያንን ሳይ አፌ ላይ የመጣውን ዬስ በጥርሴ ያዝኩት። ዛሬ በእሳቸው ቦታ አልናገርም ብዬ ነው የመጣሁት።

«እህስ?» አለች ሠራተኛዋ። «ትወስደዋለች?»

«እትዬ፣ ይወስዱታል ወይ ትላለች።»

«ኧረ ተይኝ። ለባሰባት ትስጠው።»

ሠራተኛዋ ፊቴን አየች። «እምቢ አለች?»

«ገና አልጨረስንም» አልኳት። «ትንሽ ጊዜ ስጪን።»

ሰዓቷን አየች፣ ግን ቆመች። ወደ አክስቴ ዞርኩ። «እትዬ፣ ደረጃ የለውም። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይችላሉ። አውቶቡሱ ደጃፍዎ ላይ ነው የሚቆመው።»

«አውቶቡሱን አይቼዋለሁ። ዓይን አለኝ።»

«ታዲያ ምን ልበላት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺ አይደለሽ እሺ የምትይው።»

«ዛሬ አልልም። እምቢ ካሉ እምቢ ብዬ ነው የምነግራት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትጠይቀው፣ ከዚያ ትሄዳለች። በሞቴ፣ የልብዎን ይንገሩኝ።»

አክስቴ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከመስታወቱ ወዲያ አትክልቱ አለ፣ ከአትክልቱ ወዲያ ያቺ ግንብ፣ ከግንቧ ወዲያ መንገዱ። አንዲት ሴት የልጅ ጋሪ እየገፋች አለፈች፤ ወደ እኛ አላየችም። ከኋላዋ አንድ ጎረምሳ መጣ። እሱም አላየም። አክስቴ ሁለቱንም ጠበቋቸው። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

«መጋረጃው ወፍራም ይሁን።»

«እሺ ብላለች» አልኳት ሠራተኛዋን።

«እሱን ነው ያለችው?»

«መጋረጃው ወፍራም ይሁን ነው ያለችው።»

ሠራተኛዋ ትንሽ አሰበችና እስክሪብቶዋን ከፈተች። «መጋረጃ ካውንስሉ አይሰጥም፤ ራሳችሁ ናችሁ የምትሰቅሉት።»

ለአክስቴ ነገርኳቸው።

«ማን ጠየቃት?» አሉ፤ እጃቸውን መስኮቱ ላይ ዘርግተው ስፋቱን በክንድ መለካት ጀምረው ነበር።